በጦርነት ወቅት ድርጅት ለሠራተኛውና ለኅብረተሰቡ፦ የዩክሬን ምድር ባቡር ተሞክሮ

ጦርነት በአንድ አገር ላይ ሲነሣ ከሰው ሕይወት መጥፋትና ከንብረት መውደም ቀጥሎ ፈጥኖ የሚናጋው የሰው የዕለት እንጀራ ነው። ፋብሪካ ይዘጋል፣ መንገድ ይቋረጣል፣ ደመወዝ ይቀራል፣ ቤተሰብም ይበተናል። የዓለም የሥራ ድርጅት በሜይ 2022 ይፋ ያደረገው ግምት እንደሚያመለክተው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ሦስት ወራት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዩክሬን 4 ነጥብ 8 ሚሊዮን ያህል የሥራ መደቦች ታጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንዲህ ያለው ወቅት አንድ ድርጅት ለሠራተኛውና በዙሪያው ለሚኖረው ኅብረተሰብ ምን ሊያደርግ ይገባል? የሚለው ጥያቄ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲያነጋግር ቆይቷል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2017 ያጸደቀው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 205 በግጭትና በአደጋ ጊዜ የሥራ ዕድልን መጠበቅ ለሰላምና ለመልሶ ማቋቋም መሠረት መሆኑን ይገልጻል። መንግሥታት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በምክክር ላይ የተመሠረተ ርምጃ እንዲወስዱም ያሳስባል። ይሁንና በወረቀት ላይ የሰፈረው ሐሳብ በተግባር ምን መልክ እንደሚይዝ የሚታየው በተወሰነ ድርጅት ሕይወት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍም የዩክሬን ምድር ባቡር ድርጅት ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ ያሳለፈውን ተሞክሮ ይዳስሳል።

ድርጅቱ ከጦርነቱ በፊት

በዛሬዋ ዩክሬን ምድር የመጀመሪያው ባቡር ወደ ልቪቭ ከተማ የገባው በ1861 ነው። በአገሪቱ ቋንቋ “ዩክርዛሊዝኒትሲያ” ተብሎ የሚጠራው የዛሬው ድርጅት የተመሠረተው ዩክሬን ከሶቪየት ኅብረት ተለይታ ነፃነቷን ባወጀችበት በ1991 ሲሆን፣ በ2015 ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ንብረት የሆነ የአክሲዮን ማኅበር ሆኖ እንደገና ተደራጅቷል። መቀመጫው ኪዬቭ ሲሆን ሥራውን በ6 የክልል ቅርንጫፎች አማካይነት ያከናውናል። ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት ወደ 230 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች ስለነበሩት በአገሪቱ ከሚገኙት አሠሪዎች ሁሉ በትልቅነቱ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነበር።

ምድር ባቡሩ ባቡር ከማንቀሳቀስ ባለፈ ሰፊ ማኅበራዊ ኃላፊነት የነበረው ተቋም ነው። በሶቪየት ዘመን በተዘረጋው ሥርዓት የባቡር ሠራተኛው የራሱ ሆስፒታል፣ የማረፊያ ቤት፣ የመዋለ ሕፃናት፣ የባህል አዳራሽና የስፖርት ክለብ ነበረው። በመስመሩ ላይ ያሉ በርካታ ትንንሽ ከተሞችም የተቆረቆሩት ባቡር ጣቢያውን ተከትለው ነው። ይህ ሥርዓት ከ1991 ወዲህ በእጅጉ ቢቀንስም፣ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ እስከ ዛሬ የተለመደ ነው። በዚህም የተነሣ በብዙ ጣቢያዎች ለሠራተኛው የሚደረገው ድጋፍና ለከተማው ነዋሪ የሚደረገው ድጋፍ ተነጣጥሎ የሚታይ አልነበረም።

ድርጅቱ ከጦርነት ጋር የተዋወቀውም በ2022 አይደለም። በምሥራቅ ዩክሬን በዶኔትስክና በሉሃንስክ አካባቢ በ2014 በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የዶኔትስክ ቅርንጫፍ ከተመሠረተበት ከተማ ወጥቶ ወደ ሊማን ለመዛወር ተገድዶ ነበር። የተቋረጠ መስመርን በሌላ አቅጣጫ መተካትና ቢሮንና ሠራተኛን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታየ ችግር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጦርነቱ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 (የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.) ንጋት ላይ በመላ አገሪቱ ሲስፋፋ የዩክሬን የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘጋ። የመኪና መንገዶች በተሽከርካሪ ተጨናነቁ፤ ነዳጅም እጥረት አጋጠመው። በመሆኑም ብዙ ሕዝብን በአንድ ጊዜ ከአደጋ ቀጣና ሊያወጣ የሚችለው ዋነኛ አገልግሎት ባቡር ሆነ።

ድርጅቱ በእነዚያ ቀናት የወሰደው ውሳኔ በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ከአደጋ ቀጣና ወደ ምዕራብ የሚወስዱ ባቡሮች ያለ ትኬትና ያለ ክፍያ ሕዝቡን እንዲያጓጉዙ ተደረገ። ለሴቶች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያንም ቅድሚያ ተሰጠ። ሁለተኛ፣ ባቡሮች ሌሊት መብራት አጥፍተውና ፍጥነታቸውን ቀንሰው እንዲጓዙ ታዘዘ። ይህም ከጥቃት ለመሰወርና ሐዲዱ ተበላሽቶ ቢገኝ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ነው። ሦስተኛ፣ የጉዞው መርሐ ግብር እንደ ጦርነቱ ሁኔታ በየዕለቱ እየተከለሰ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ተወሰነ።

ለአራት ሰው በተዘጋጀ የመኝታ ክፍል ውስጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሰው ተጭኖ፣ መተላለፊያው ሳይቀር በተቀማጭ ተሞልቶ ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጁ ጉዞዎች ተካሂደዋል። በየፉርጎው የሚመደቡት አስተናጋጆች አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከራሳቸው ቤተሰብ ተለይተው የሌላውን ቤተሰብ ያሸሹ የነበሩት እነርሱ ናቸው። ድርጅቱ በሰጠው መግለጫ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ወራት 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በባቡር ከአደጋ ቀጣና ወጥተዋል፤ ከእነዚህም 1 ሚሊዮን ያህሉ ሕፃናት ናቸው። ወደ ውጭ ለሚሻገሩትም የፖላንድ፣ የጀርመን፣ የኦስትሪያ፣ የቼክና የሌሎችም አገሮች የባቡር ድርጅቶች በየበኩላቸው ነፃ የጉዞ አገልግሎት ሰጥተዋል።

የሠራተኛው ደኅንነት

አንድ ድርጅት በጦርነት ጊዜ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች ከባዱ ሠራተኛው ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ በሥራ ገበታው እንዲገኝ መጠየቅ ነው። የባቡር ነጂው፣ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛው፣ የጣቢያ ተረኛውና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሥራቸውን ከቤታቸው ሆነው ሊሠሩ የሚችሉ አይደሉም። ባቡር ጣቢያ ደግሞ ሰላማዊ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ በአንጻሩም የጦር ጭነት የሚያልፍበት በመሆኑ ለጥቃት የተጋለጠ ነው።

ኤፕሪል 8 ቀን 2022 በክራማቶርስክ ባቡር ጣቢያ በርካታ ሺህ ሰዎች ከአካባቢው ለመውጣት ባቡር በሚጠባበቁበት ሰዓት በደረሰ የሚሳይል ጥቃት 60 ያህል ሰዎች ሲሞቱ ከ100 በላይ ቆስለዋል። ዩክሬን ጥቃቱን የፈጸመችው ሩሲያ ናት ስትል፣ ሩሲያ በበኩሏ ኃላፊነቱን አልቀበልም ብላለች። ከጥቃቱ በኋላ ጉዞው እንዳይቋረጥ ተሳፋሪዎች በአቅራቢያው ከሚገኘው የስሎቪያንስክ ጣቢያ እንዲነሡ ተደርጓል። በዚያው ዓመት ኦገስት 24 ቀን በድኒፕሮፔትሮቭስክ ክልል በቻፕሊኔ ጣቢያ ላይ በደረሰው ጥቃትም ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ጦርነቱ አንደኛ ዓመቱን ሲይዝ ድርጅቱ ካሉት ሠራተኞች መካከል ከ300 በላይ የሚሆኑት መሞታቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ ውስጥ በሥራ ላይ እያሉ የሞቱ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ጥቃት የደረሰባቸውና ለውትድርና ተጠርተው በግንባር የወደቁ ይገኙበታል።

ድርጅቱ ይህን አደጋ ለማስወገድ ባይችልም ለመቀነስ የተለያዩ ርምጃዎችን ወስዷል። ፍንጣሪ ተሳፋሪውንና አስተናጋጁን እንዳይጎዳ የፉርጎ መስኮቶች በመከላከያ ፕላስቲክ እንዲሸፈኑ ተደርጓል። የሐዲድ ጠጋኝ ቡድኖች ወደ ግንባር በቀረቡ ቦታዎች ሲሰማሩ የጥይት መከላከያ ልብስና የራስ ቁር እንዲለብሱ፣ ከጦርነት በኋላ በተያዙ ቦታዎችም የፈንጂ አምካኞች ቀድመው እንዲገቡ ይደረጋል። በ2022 የድርጅቱ ዋና ኃላፊ የነበሩት ኦሌክሳንደር ካሚሺንና የቅርብ ረዳቶቻቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንድ ቢሮ ተቀምጠው ከመሥራት ይልቅ በባቡር ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ሥራውን ሲመሩ ቆይተዋል። ከየጣቢያው ጋር የሚገናኙትም ከሶቪየት ዘመን ጀምሮ በቆየው የድርጅቱ የራሱ የስልክ መስመር ነበር። ያረጀ ተብሎ ሊወገድ ይችል የነበረው ይህ መስመር ከሕዝብ የስልክ አገልግሎት ውጪ በመሆኑ በችግር ጊዜ ጠቀሜታው ጎልቶ ታይቷል።

አገልግሎቱን ማስቀጠልና ሕይወትን መጠበቅ ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ አይደሉም። ለዚህ አብነት የሚሆነው በኖቬምበር 2025 የተወሰደው ውሳኔ ነው። ድርጅቱ ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ በጥቃት ሥር ሲያገለግል የቆየውን ወደ ክራማቶርስክና ወደ ስሎቪያንስክ የሚደረግ የባቡር ጉዞ በጸጥታ ምክንያት አቋርጦ፣ ባቡሮቹ በባርቪንኮቬ ጣቢያ እንዲቆሙና ተሳፋሪው ቀሪውን መንገድ በአውቶቡስ እንዲሄድ አድርጓል።

ደመወዝና የሥራ ዋስትና

ለሠራተኛ ከሚደረግ ድጋፍ ሁሉ መሠረታዊው ደመወዝን በወቅቱ መክፈልና የሥራ መደብን ጠብቆ ማቆየት ነው። የዩክሬን ምድር ባቡር በዚህ ረገድ ከባድ ፈተና ገጥሞታል። ገቢው በዋናነት የሚገኘው ከብረት ማዕድን፣ ከከሰል፣ ከእህልና ከመሳሰለው ጭነት ነበር። በ2021 ከ310 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው የጭነት መጠን በ2022 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወርዷል። ይህም የጥቁር ባሕር ወደቦች በመዘጋታቸው፣ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በመውደማቸው እንዲሁም ሰፊ ግዛት ከቁጥጥር ውጪ በመሆኑ የመጣ ነው።

ሥራው በግማሽ ሲቀንስ ሠራተኛውን በግማሽ መቀነስ አንድ አማራጭ ነበር። ይሁን እንጂ ሐዲዱ የሚጠገነውና ባቡሩ የሚነዳው በእነዚሁ ባለሙያዎች ነው። ነጂ ለማሠልጠን ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ከተበተነ በኋላ መልሶ ማሰባሰቡ አስቸጋሪ ነው። በዩክሬን የሥራ ሕግ መሠረት ሠራተኛው ያለ ጥፋቱ ሥራ ሲፈታ ቢያንስ የመደበኛ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ሊከፈለው ይገባል። በማርች 2022 የወጣው የጦርነት ጊዜ የሥራ ሕግ ግን አሠሪዎች የሥራ ውልን ለጊዜው እንዲያግዱ ፈቅዷል። በዕገዳው ጊዜ የሚታጣውን ደመወዝ ወረራውን የፈጸመው መንግሥት እንዲክስ ሕጉ ቢደነግግም፣ ሠራተኛው ያን ገንዘብ በእጁ የሚያገኝበት ጊዜ አይታወቅም። ስለሆነም አንድ ድርጅት ሥራ የፈታውን ሠራተኛ ሁለት ሦስተኛ እየከፈለ ማቆየቱ ወይም ውሉን ማገዱ በሠራተኛው ቤት ያለው ልዩነት የዕለት ጉርስ የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ነበር።

ሌላው ዐቢይ ጉዳይ ለውትድርና የተጠሩት ሠራተኞች ሁኔታ ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት ሕጉ አሠሪዎች ለዘማች ሠራተኞቻቸው የሥራ መደባቸውን እንዲጠብቁላቸውና አማካይ ደመወዛቸውንም እንዲከፍሉ ያስገድድ ነበር። ከጁላይ 19 ቀን 2022 ጀምሮ የደመወዙ ግዴታ ተነሥቶ የሥራ መደቡን የመጠበቅ ግዴታ ብቻ እንዲቀር ተደርጓል። ዘማቹ ከመከላከያ ሠራዊቱ ደመወዝ ስለሚያገኝ፣ ገቢያቸው የተዳከመ ድርጅቶችም ጫናውን ሊሸከሙ ስለማይችሉ ነው የሚል ምክንያት ለማሻሻያው ቀርቧል። ከዚያ ወዲህ ለዘማች ቤተሰብ ተጨማሪ ድጋፍ ማድረግ ለአሠሪው በጎ ፈቃድና ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ለሚደረግ ስምምነት የተተወ ሆኗል።

እንዲህ ዓይነቱ ድጋፍ በታሪክ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም አጠገብ በቦርንቪል የሚገኘው የካድበሪ የቸኮሌት ፋብሪካ ከሠራተኞቹ መካከል ከ2 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሲዘምቱ፣ መንግሥት ለቤተሰቦቻቸው በሚሰጠው ላይ የራሱን ጨምሮ ይከፍል፣ ለዘማቾቹም መጻሕፍትና የብርድ ልብስ ይልክ እንደነበር ይታወሳል። የፋብሪካው ባለቤቶች ጦርነትን የሚቃወመው የክዌከር ሃይማኖት ተከታዮች ቢሆኑም፣ ለሠራተኛው ያለባቸውን ኃላፊነት ከጦርነቱ ጉዳይ ለይተው አይተውታል። ከጦርነቱ መልስም ዘማቾቹ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱና ትምህርት እንዲከታተሉ አድርገዋል።

በዩክሬን ለአገር ህልውና ወሳኝ ተብለው የተመዘገቡ ድርጅቶች ለውትድርና ከሚፈለጉ ሠራተኞቻቸው የተወሰኑትን ከጥሪ ነፃ የሚያስደርጉበት አሠራርም አለ። በጥቅሉ ሲታይ የሚፈቀደው እስከ ግማሽ ያህሉ ነው። በዚህ አሠራር ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ የሚለው ውሳኔ በሥራ ቦታ ላይ ከባድ የሞራል ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም። ወንዶች በመዝመታቸው ምክንያት የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ቀደም ሲል ለሴቶች ክልክል የነበሩ የሙያ ዘርፎች ተከፍተዋል። በዩክሬን ሴቶች በባቡር ነጂነት እንዳይሠሩ ይከለክል የነበረው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያ የተሻረው በ2017 መጨረሻ በመሆኑ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሕጋዊው እንቅፋት አስቀድሞ ተወግዶ ነበር።

ለኅብረተሰቡ የተደረገ አገልግሎት

ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ማመንጫና ማስተላለፊያ ተቋማት ላይ በደረሰው ተደጋጋሚ ጥቃት ከተሞች በክረምቱ ብርድ ለረጅም ሰዓታት በጨለማ ውስጥ መቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። ድርጅቱ ኤሌክትሪክ በተቋረጠባቸው መስመሮች በመጠባበቂያነት ያቆያቸውን በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች አሰማርቶ ባቡሮቹን አንቀሳቅሷል። መንግሥት በኖቬምበር 2022 ባወጣው ዕቅድ መሠረት ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጡ “የማይበገሩ ማዕከላት” በየከተማው ሲቋቋሙ ባቡር ጣቢያዎችና የቆሙ ፉርጎዎችም ለዚሁ ተግባር ውለዋል። የአካባቢው ነዋሪ ባቡር የማይሳፈር ቢሆንም እንኳ ገብቶ ይሞቃል፣ ስልኩን ይሞላል፣ ለቤተሰቡም ይደውላል።

በሕክምናው ዘርፍም ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከምድር ባቡሩና ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር ከማርች 2022 መጨረሻ ጀምሮ የሕክምና ባቡር አገልግሎት እንዲጀመር አድርጓል። የመንገደኛ ፉርጎዎች ተለውጠው የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የኦክሲጅን ማምረቻ ተገጥሞላቸው በግንባር አቅራቢያ ካሉ የተጨናነቁ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ወደ ምዕራባዊ ከተሞች ሲያመላልሱ ቆይተዋል። በ2022 ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ሕሙማን በዚህ መንገድ ተጓጉዘዋል። በ2023 ደግሞ የራሱ ኃይል ማመንጫ ያለውና ምግብ በብዛት ማብሰል የሚችል የወጥ ቤት ባቡር በውጭ በጎ አድራጊዎች እገዛ ተሠርቶ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ጁን 6 ቀን 2023 የካኾቭካ ግድብ ፈርሶ የኬርሶን አካባቢ በጎርፍ ሲጥለቀለቅም ነዋሪዎችን ወደ ሚኮላዪቭ የሚያወጣ ልዩ ባቡር በዚያው ዕለት ተመድቧል።

የኬርሶን ከተማ ጉዳይ ለየት ብሎ ይነሣል። ድርጅቱ በ2022 በሩሲያ ቁጥጥር ሥር ወድቀው ወደነበሩት ወደ ኬርሶን፣ ማሪዩፖል፣ ዶኔትስክ፣ ሉሃንስክና ሲምፌሮፖል የሚያስኬዱ ትኬቶችን አስቀድሞ በመሸጥ ገቢውን ለእርዳታ አውሎ ነበር። ትኬቱን የገዛ ሰው መቼ እንደሚሳፈርበት የሚያውቅ አልነበረም። የዩክሬን ጦር ኖቬምበር 11 ቀን ወደ ኬርሶን ሲገባ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ኖቬምበር 19 ቀን የመጀመሪያው ባቡር ከኪዬቭ ተነሥቶ ኬርሶን ደርሷል። ከተሳፋሪዎቹም መካከል እነዚያን ትኬቶች ቀደም ብለው የገዙት ይገኙበታል። በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ ፈንጂ አምካኞችና የሐዲድ ጠጋኞች መስመሩን ለባቡር ብቁ አድርገውታል።

ባቡሩ በተባለው ሰዓት መምጣቱ በራሱ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው መረጋጋት ቀላል አይደለም። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2023 የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በሌሊት ባቡር ኪዬቭ በገቡበት ዕለት፣ ለዚሁ ጉዞ ሲባል ሌሎች ባቡሮች በመዘግየታቸው ከባቡሮቹ በሰዓታቸው የሄዱት 90 በመቶ ብቻ መሆናቸውን በመግለጽ ካሚሺን ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ መጠየቃቸው ድርጅቱ ለሰዓት አክባሪነት የሰጠውን ቦታ ያሳያል። ማርች 23 ቀን 2025 የኢንተርኔት የትኬት ሽያጭ ሥርዓቱ በኮምፒዩተር ጥቃት ለቀናት ሲቋረጥም ባቡሮቹ ጉዟቸውን አላቋረጡም። በየጣቢያው ተጨማሪ ትኬት ሻጮች ተመድበው ሕዝቡ በሰልፍ ትኬት ሲገዛ፣ ወታደሮች በባቡሩ ውስጥ እንዲስተናገዱ ተደርጓል።

ወጪውን ማን ይሸፍነዋል

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት አገልግሎቶች ሁሉ ወጪ አላቸው። በዩክሬን የመንገደኛ ባቡር ዋጋ ከሚወጣበት ወጪ በታች በመሆኑ ኪሳራው ለረጅም ዘመን ሲሸፈን የቆየው ከጭነት በሚገኝ ገቢ ነበር። የጭነቱ መጠን በግማሽ ሲወርድ ይህ አሠራር ተናጋ። በ2022 አጋማሽ ላይ የጭነት ታሪፍ በ70 በመቶ እንዲጨምር ሲደረግ የማዕድን፣ የብረታ ብረትና የእርሻ ድርጅቶች በጦርነት የተዳከመ ገቢያችንን ይብስ ይጎዳዋል በማለት ቅሬታ አሰምተዋል። ድርጅቱ በውጭ አገር ገበያ ከሸጣቸው ቦንዶች ባለቤቶች ጋር በመደራደርም ወለድ የሚከፈልበትን ጊዜ በ2023 መጀመሪያ ላይ ለሁለት ዓመት አራዝሟል። ሠራተኛውም የድርሻውን ተሸክሟል፤ በአንዳንድ ክፍሎች የሥራ ሰዓት ተቀንሷል፣ የሠራተኛው ጠቅላላ ቁጥርም በቀጣዮቹ ዓመታት ከ200 ሺህ በታች ወርዷል። እንግዲህ በነፃ የተሰጠው አገልግሎት ወጪ በጭነት ደንበኛው፣ በአበዳሪው፣ በመንግሥት በጀትና በሠራተኛው መካከል ተከፋፍሏል ማለት ነው።

የዚህ መስመር መቀጠል ከዩክሬን ድንበር ውጪም ትርጉም አለው። በዩክሬን ወደቦች ከሚጫነው እህል ጉልህ ክፍል ወደ ወደብ የሚደርሰው በባቡር ነው። ወደቦቹ በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አደራዳሪነት በ2022 በከፊል ከተከፈቱ በኋላ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የተከራያት ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና በኦገስት መጨረሻ ጅቡቲ ወደብ መድረሷ ይታወሳል። ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጨማሪ የእርዳታ ስንዴ ወደ ኢትዮጵያ ተጓጉዟል። በእነዚያ ወራት ጎተራውን ከወደብ ያገናኙ የነበሩት የባቡር ሠራተኞች የሠሩት ሥራ በአፍሪካ ቀንድ ለሚገኝ ተረጂም የደረሰ ነበር።

ከተሞክሮው የሚገኙ ነጥቦች

ከላይ ከቀረበው መረዳት እንደሚቻለው በጦርነት ጊዜ ጠቃሚ ሆነው የተገኙት ነገሮች አብዛኞቹ ከጦርነቱ በፊት የነበሩ ናቸው። የድርጅቱ የራሱ የስልክ መስመር፣ በመጠባበቂያነት የቆዩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ በየክልሉ ውሳኔ መስጠት የሚችሉ ኃላፊዎች፣ የሴቶችን የሥራ ዕድል የከፈተው የ2017 ውሳኔ፣ በ2014 የተገኘው መራር ልምድ በችግር ጊዜ የተፈጠሩ አልነበሩም። በሰላሙ ጊዜ ትርፍ የማያስገኙ መስለው ሊታዩ የሚችሉ ነገሮች በጦርነቱ ጊዜ የሰው ሕይወት ለማዳን አገልግለዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ለሠራተኛ የሚደረግ ድጋፍና ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። ደመወዙ የተቋረጠበት ነጂ ሕሙማንን ወደ ሆስፒታል ሊያደርስ አይችልም፤ ቤተሰቡ በአደጋ ቀጣና የቀረ የጣቢያ ተረኛም የሌላውን ቤተሰብ ተረጋግቶ ሊያሸኝ አይችልም። ድርጅቱ ሠራተኞቹን “የብረት ሰዎች” እያለ ማሞገሱ ተገቢ ቢሆንም፣ ሙገሳው ከደመወዝ፣ ከመጠለያና ከሕክምና ጋር ካልተያያዘ ዘላቂ አይሆንም።

ሦስተኛው ነጥብ ኃላፊነቱ በጊዜ የማይወሰን መሆኑ ነው። በኦክቶበር 2025 በሱሚ ክልል በሾስትካ ጣቢያ ላይ ሁለት የመንገደኛ ባቡሮች ተመትተው የሰው ሕይወት መጥፋቱና በርካቶች መቁሰላቸው አደጋው ለዓመታት መዝለቁን አሳይቷል። ከግንባር አካላቸው ጎድሎ የሚመለሱት ሠራተኞች ሕጉ መደባቸውን ቢጠብቅላቸውም፣ ባቡር የነዳ ሰው እግሩን ወይም ዓይኑን አጥቶ ወደ ቀድሞ መደቡ ሊመለስ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ አዲስ ሙያ ማስተማር፣ ጣቢያውንና ፉርጎውን ለተሽከርካሪ ወንበር የተመቸ ማድረግ፣ በሥራ ላይ ለወደቁት ባልደረቦች ልጆችም አሳዳጊና አስተማሪ እንዳይጎድላቸው መከታተል ከተኩሱ ማቆም በኋላም ለብዙ ዓመታት የሚቀጥል ሥራ ይሆናል።